በሰባትና በስምንት መካከል

ማታ ነበር። የእህቴ ልጅ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታጠናለች። ለነገው ፈተና የመጀመሪያዎቹን 20 ንጥረ ነገሮች በቃሏ መያዝ አለባት። «ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም…» ዳዊት እንደሚደግም የቆሎ ተማሪ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። ስትሳሳት አርማታለሁ፤ ካልተሳሳተች ዝም እላለሁ።

ድንገት ዜማው ቆመ።

«ጋሼ፣ ናይትሮጅን 7 ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ኦክስጅን ደግሞ 8።»

«ጎበዝ።»

«በመካከላቸው ሌላ እንደሌለ በምን አወቁ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ሁለት ጣቶቿን መጽሐፉ ላይ፣ ሁለቱን ሳጥኖች በሚለየው መስመር ላይ አስቀምጣለች። ልትፈለቅቀው የፈለገች ትመስላለች። የምመልሰው አልነበረኝም። «ተጠንቶ ነዋ» አልኳት። «አንቺ ዝም ብለሽ ሸምድጂ።»

«እሺ» አለች። ማዜሟን ቀጠለች። ፈተናውንም 20 ከ20 አመጣች። እኔን ግን ያቺ «እሺ» እንቅልፍ ነሳችኝ። ልጅ ሲያምን የሚለው እሺ አለ፤ ተስፋ ሲቆርጥ የሚለው እሺም አለ። የእሷ ሁለተኛው ነበር። አውቀዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁና።

የኔ «እሺ»

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ዞረብን። ኬሚስትሪ ደግሞ ከእንግሊዝኛውም ሌላ የራሱ ፊደል ነበረው። ኦክስጅን ኦ ነው፣ ካርቦን ሲ ነው፤ ይሄ ይገባል። ሶዲየም ግን ኤን ኤ ተብሎ ይጻፋል። ፖታሲየም ኬ ነው። ግራ ገባኝና እጄን አወጣሁ። «ሶዲየም በኤስ የሚጀምር ከሆነ ለምን ኤን ኤ ሆነ?»

«ዝም ብለህ ያዘው» ተባልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እጄን ያወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ የሸመደድኩትን ወረቀት ላይ አራግፌ ወጣሁ። አሁን ደግሞ ያንኑ «ዝም ብለህ» የሚል ቃል ቁጭ ብዬ ለእህቴ ልጅ አወረስኳት።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በማግሥቱ ጠዋት ከጎረቤታችን ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። የፖሊ ተማሪ ነበሩ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ መሆኑን የከተማችን ሰው ያውቃል፤ እሳቸው ከሩሲያውያን መምህራን እግር ሥር ቁጭ ብለው የተማሩ ናቸው። ንጥረ ነገሮቹ በተራ የተደረደሩበትን ሰንጠረዥ ፔሪዮዲክ ቴብል አይሉም። «የሜንዴሌቭ ሰንጠረዥ» ነው የሚሉት። ሩሲያውያኑ እንደዚያ ነዋ የሚጠሩት፤ በሠራው በአገራቸው ኬሚስት ስም።

መጀመሪያ የድሮውን ጥያቄዬን አነሳሁባቸው። ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ሶዲየም ብለን አናውቅም። መምህሮቻችን ናትሪ ነበር የሚሉት። ፖታሲየምን ደግሞ ካሊ።» ናትሪየምና ካሊየም የላቲን ስሞች ናቸው። እንግሊዝኛው በሌላ ስም ሲጠራቸው ምልክቱ በላቲኑ ቀረ። ብረት ፌሩም ስለሆነ ኤፍ ኢ፣ ወርቅ አውሩም ስለሆነ ኤ ዩ፣ እርሳስ ፕሉምበም ስለሆነ ፒ ቢ። አለቀ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ መልስ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ይዤው የዞርኩት ጥያቄ በአንድ ስኒ ቡና ተፈታ።

የልጅቱን ጥያቄ ስነግራቸው ግን ወዲያው አልመለሱም። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይቺ ልጅ ሜንዴሌቭ ራሱ ሊመልሰው ያልቻለውን ነው የጠየቀችህ» አሉኝ።

ባዶ የተተዉት ሳጥኖች

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ግሩም ስም አለው፤ ንጥረ ነገር። ቅቤ ይነጠራል። ወርቅ በእሳት ይነጠራል። ከነጠረ በኋላ ደግሞ ብታቀልጠው፣ ብትቀጠቅጠው፣ ብትፈጨው ያው ወርቅ ነው። ከዚያ ወዲያ በእሳትም ሆነ በአሲድ ወደ ሌላ ነገር የማይበተን ማለት ነው። ቅቤው እንኳን ገና ብዙ ይበተናል፤ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አለበት። ግን የቃሉ አሳብ ትክክል ነው።

ችግሩ፣ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው መንጠሩን በምን ታውቃለህ? ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ በ1789 እ.ኤ.አ. 33 ንጥረ ነገሮችን ሲዘረዝር ኖራን አንዱ አድርጎት ነበር። በዘመኑ ኖራን ሊበትን የቻለ ሰው አልነበረምና። በ1808 እንግሊዛዊው ዴቪ በኤሌክትሪክ በተነው፤ ከውስጡ ካልሲየም ወጣ። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላም በፈረንጆቹ እጽፋለሁ።) ዝርዝሩ እንዲህ እያደር ይታረም ነበር። በአንዱ በኩል ይጨመራል፣ በሌላው ይሰረዛል። ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሜንዴሌቭ በ1869 ለተማሪዎቹ መማሪያ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ናቸው። በአቶም ክብደታቸው ከቀላል ወደ ከባድ ደረደራቸው። ሲደረድራቸው ጠባያቸው እየዞረ ይመጣል። ሊቲየም ውሃ ሲነካ ይፈላል። ትንሽ ወረድ ስትል ሶዲየም ያንኑ ያደርጋል፣ የባሰ አድርጎ። አሁንም ወረድ ስትል ፖታሲየም። እንደ ሳምንቱ ቀናት ነው፤ ሰኞ ተመልሶ ይመጣል። ተመሳሳዮቹን በአንድ ረድፍ ሲያሰልፋቸው ግን አንዳንድ ቦታ አልገጥም አሉ። ከዚንክ ቀጥሎ የሚመጣው አርሴኒክ ነው። እዚያ ላይ ቢያስቀምጠው የማይመስለው ቤተሰብ ውስጥ ይገባል።

ሌላ ሰው ቢሆን እንደምንም ጠቅጥቆ ያስገባው ነበር። ሜንዴሌቭ ሁለት ቦታ ባዶ ተወና አርሴኒክን ወደ ቤተሰቡ ወሰደው። ባዶ መተው ብቻም አይደለም። እዚያ ቦታ የሚገባው ነገር ክብደቱ ይህን ያህል፣ ጠባዩ እንዲህ ይሆናል ብሎ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ኬሚስት ደ ቧቦድራን አንደኛውን አገኘው፤ ጋሊየም። እጅ ላይ የሚቀልጥ ብረታ ብረት ነው። በ30 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ የሚያዝያ የባሕር ዳር ቀትርም ሊበቃው ይችላል።

እዚህ ላይ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ፈረንሳዊው የጋሊየምን እፍጋት ለክቶ 4.7 አገኘ። ሜንዴሌቭ፣ ጋሊየም የሚባል ነገር በዓይኑ ያላየው ሰው፣ «ተሳስተሃል፣ 5.9 መሆን አለበት፤ በደንብ አጥራውና ደግመህ ለካው» አለው። አጠራው። ለካው። 5.9 ሆነ። ሁለተኛው ባዶ ቦታ በ1886 ጀርመን ውስጥ ተሞላ፤ ጀርማኒየም ነው። ሜንዴሌቭ ክብደቱን 72 ብሎ ነበር፣ የተገኘው 72.6።

ይህን ሰምቼ የልጅቱን መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ተነስቼ ልሄድ ስል ሽማግሌው ያዙኝ። «ቆይ። አርጎንስ?»

አርጎን ልጅቷ ከምትሸመድዳቸው 20ዎቹ አንዱ ነው፣ 18ኛው። ከምንተነፍሰው አየር 1 በመቶ ገደማ እሱ ነው። የተገኘው ግን በ1894 ነው። በ1869ኙ ሰንጠረዥ ላይ ክሎሪን ካለፈ ቀጥሎ ፖታሲየም ነው የሚመጣው። በመካከላቸው ባዶ ቦታ እንኳን አልተተወም። ኒዮን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን፣ መላው ቤተሰብ የለም። ሜንዴሌቭ አንድ አባል የጎደለበትን ቤት ያውቃል። ቤቱ ራሱ ሲጎድል ግን በምን ይወቅ? ያ ሁሉ ሊቅ በየቀኑ እየተነፈሰው አላየውም። «በመካከላቸው ሌላ እንደሌለ በምን አወቁ?» ለካ የዚያን ጊዜ መልሱ «አላወቁም» ነበር።

ታዲያ ዛሬ በምን ይታወቃል? ለሊቱን ማንበብ ጀመርኩ። ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ፣ 1913፣ ኤክስሬይ፣ ፕሮቶን… ቃሎቹ ገቡኝ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ለልጅቷ ሊነገር የሚችል ነገር አልሆነልኝም። ሁለት ሳምንት አለፈ።

ከዘጌ የመጣችው ጀልባ

ቅዳሜ ዕለት አያቷን ልንጠይቅ ዘጌ ሄድን። የአባቷ እናት ናቸው። ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ሎሚ ተሸክመን ወደ ጀልባው ተመለስን። የሕዝብ ጀልባ ነው። ጌሾ በማዳበሪያ፣ ቡና በማዳበሪያ፣ ዶሮ እግሯ ታስራ፤ ለባሕር ዳር ገበያ የሚሄደው ሁሉ ተጭኗል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሦስት ማዳበሪያ አስጭኗል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል።

ረዳቱ ልጅ ትከሻ እየነካ ቆጠረን። ወፍራሙን ሰውዬ፣ አንድ። አሮጊቷን፣ አንድ። የእህቴን ልጅ፣ አንድ። ማዳበሪያዎቹን ዘለላቸው። «ሃያ ሦስት ሰው!» ብሎ ወደ ነጂው ጮኸ።

የእህቴ ልጅ ስልኬን ተቀበለችኝ። ሰንጠረዡን ፎቶ አንስቼው ነበር። ፈልጋ አገኘች። «ጋሼ፣ እኛ ቫናዲየም ነን!» 23ኛው ቫናዲየም ነው። እየሳቅን ሳለ አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ «ጠብቁኝ፣ ጠብቁኝ!» እያለች ሮጣ ደረሰች። ረዳቱ እጇን ይዞ አስገባት። «ሃያ አራት!»

«ክሮሚየም ሆንን!» አለች።

ያኔ ነው ደም ሥሬ ሁሉ የቆመው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነበው የከረምኩት ነገር ትከሻ እየነካ ሲቆጠር አየሁት። ቅድም ሃያ ሦስት ነበርን። አሁን ሃያ አራት ነን። ሃያ ሦስት ተኩል የሆንንበት ቅጽበት የለም። ሴትዮዋ ወይ ገብታለች፣ ወይ አልገባችም።

«ያንን ጥያቄሽን ታስታውሺያለሽ?» አልኳት። «በሰባትና በስምንት መካከል?»

ዞር ብላ አየችኝ። ረስቼዋለሁ ብላ ነበር መሰለኝ።

«አንቺ አሁን መለስሽው። እያንዳንዱ አቶም መሐሉ ላይ አስኳል አለው። አስኳሉ ውስጥ ፕሮቶን የሚባሉ አሉ። ናይትሮጅን ማለት ሰባት ፕሮቶን የተሳፈረበት ነው። ኦክስጅን ስምንት። ቁጥሩ የተራ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪ ቁጥር ነው። ግማሽ ፕሮቶን አይሳፈርም።»

ዝም አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትቆጥራለች። ነጂው ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ከኋላችን ነጭ ሆነ።

ሞዝሊ ያደረገው ይህንኑ ቆጠራ ነው። ብረቶችን በኤሌክትሮን፣ በአስኳሉ ዙሪያ ባሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ እየመታ የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካ። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ የጨረሩ ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት እኩል በሆነ እርምጃ ከፍ ይላል፤ እንደ ደረጃ። ደረጃው አንድ ቦታ ላይ ድርብ ሆኖ ከተገኘ፣ እዚያ ያልተገኘ ንጥረ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲህ አድርጎ 43ኛው፣ 61ኛውና 75ኛው እንደጎደሉ አሳየ። ሦስቱም በኋላ ተገኙ፤ የመጨረሻው በ1945። ሞዝሊ አላየም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዘምቶ በ1915 ጋሊፖሊ ላይ በጥይት ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል። ዕድሜው ከዘመድ ልጆች ዕድሜ ጋር አንድ ነው።

ልጅቷ ግን አልጨረሰችም ነበር። ስልኩን አስጠጋችልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ተሳስቷል። አርጎን 39.95 ይከብዳል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ፖታሲየም 39.10። ቀለል ያለው ለምን ኋላ መጣ?»

ብዙ ቀን ሰንጠረዡን ሳየው ከርሜ ይህን ልብ አላልኩትም። መልሱ ግን እግራችን ሥር ነበር። ማዳበሪያዎቹን አሳየኋት። «ረዳቱ ማዳበሪያ ቆጠረ?»

«አልቆጠረም።»

«ግን ይከብዳሉ አይደል?»

አስኳል ውስጥ ከፕሮቶን ሌላ ኒውትሮንም አለ። ክብደቱ ከፕሮቶን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩ ውስጥ ግን አይገባም። ጭነት ነው። አብዛኛው አርጎን 18 ፕሮቶንና 22 ኒውትሮን አለው። አብዛኛው ፖታሲየም 19 ፕሮቶንና 20 ኒውትሮን። ተሳፋሪው በአንድ ያንሳል፣ ጭነቱ ግን በሁለት ይበልጣል። ደምራችሁ እዩት፤ 40 እና 39። በክብደት የደረደረ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ተሳፋሪ የቆጠረ አይሳሳትም። ሞዝሊ ከሜንዴሌቭ የተሻለበት ይሄ ነው። ሜንዴሌቭን አሳንሼ አይደለም፤ በሚዛን ብቻ ያን ያህል መሄድ የሚችል ሰው ከየት ይገኛል?

አንድ ነገር ግን አርሜያታለሁ፤ አስኳል የሚለውን ቃል። የእንቁላሉ አስኳል ሰፊ ቦታ ይዞ ነው የሚቀመጠው። የአቶም አስኳል እንደዚያ አይደለም፤ ከአቶሙ ወደ 100,000 ጊዜ ያንሳል። አስኳሉ አንድ የጤፍ ፍሬ ቢሆን አቶሙ የኳስ ሜዳ ያክላል። ከጤፏ ውጪ ያለው ሜዳ ሁሉ የኤሌክትሮኖቹ ነው። ልጅቷ የተቀመጠችበትን ጣውላ በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ይሄም?» ይሄም።

ጨውና ባጃጅ

ከወደቡ ባጃጅ ያዝን። እዚያም አላረፈችም። «ለምን ፕሮቶኑ ይቆጠራል? ኤሌክትሮኑም እኮ ቁጥሩ እኩል ነው ብለው አስተምረውናል።»

እውነቷን ነው። ግን ኤሌክትሮን ይሄዳል፣ ይመጣል። በጨው ማስረዳት ቀለለኝ። ሶዲየም ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈነዳ ብረታ ብረት ነው። ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው፤ ጠረኑ የበረኪናን ያስታውሳል፤ ሞዝሊ በሞተበት በ1915 ዓመት ወታደሮች በዚሁ ጋዝ ተፈጅተዋል። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሲሰጥ ሁለቱም ጠባያቸው ይለወጣል። ምሳ ላይ ወጡ ውስጥ የበላነው ጨው ይሆናሉ። አያቶቻችን ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይሉታል። የጣፈጠው አንድ ኤሌክትሮን ቦታ ስለቀየረ ነው። ሶዲየም ግን ሶዲየምነቱን አልተወም። 11 ፕሮቶኑ ከአስኳሉ ንቅንቅ አላለም። ጨዉ ቀልጦ በኤሌክትሪክ ቢበተን ያው ሶዲየም ይመለሳል።

የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ እያየን ነበር። «ጋሼ፣ አስተማሪ ነህ?» አለኝ። «አይደለሁም» አልኩት። «እሷ ናት።» ልጅቷ አቀርቅራ ፈገግ አለች።

ቤት ስንደርስ እናቷ እራት እስክታቀርብ ድረስ ደብተሯን አወጣች። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያን ቀን ዝም ብለሽ ሸምድጂ ያልኩሽ አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ነበረብኝ።» ምንም አላለችም። ሰንጠረዡን ከስልኩ እየገለበጠች ነበር፤ ሰባቱንም መስመር። የመጨረሻው 118ኛው ኦጋኔሶን ነው። ሰባተኛው መስመር የሞላው ጎድለው የነበሩት አራቱ በ2016 ስም ሲወጣላቸው ነው። እነዚህ ደግሞ ከመሬት የተቆፈሩ አይደሉም፤ ሰው አስኳልን ከአስኳል ጋር አጋጭቶ የሠራቸው ናቸው። በቅጽበት ይበተናሉ።

ሳጥኖቹን ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላቻቸው። ከዚያ እርሳሷን ፈለገች። ከግራ በኩል፣ ከፍራንሲየም ሥር፣ አንድ ሳጥን ሳለች። ስምንተኛ መስመር። ውስጡ 119 ብላ ጻፈች። ስሙን ባዶ ተወችው።

«ይሄን ለምን በእርሳስ ጻፍሽው?» አልኳት።

«ገና አልተሳፈሩማ።»